ከቦሌ በር የወጡ ሯጮች ዜና መዋዕል

ይህ ዜና መዋዕል በእግራቸው ሮጠው አገራቸውን በዓለም ያስጠሩ ልጆች፣ ያሠለጠኗቸው መምህራንና ያሳደጓቸው ክለቦች ታሪክ ነው። የሚጻፈውም ከምሥራቃዊው አዲስ አበባ፣ ከቦሌና ከገርጂ፣ ከጉርድ ሾላ፣ ከሲኤምሲና ከአያት ነው። ሯጩ ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድ የሚወጣው በቦሌ ነው፤ ድል አድርጎ ሲመለስም ሕዝቡ ወጥቶ የሚቀበለው በዚሁ በር ነው። የአሸናፊው ስም በየአፉ ይጠራል፤ ከአሸናፊው ኋላ የሮጠው፣ ተራውን ጠብቆ የተተካውና ሁለቱንም ያሳደገው ክለብ ግን ቶሎ ይረሳሉ። ስለዚህ ድሉ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ በየዘመኑ ልጽፍ ወደድሁ።

አስቀድሞ የዘመኑን ነገር ልብ ይሏል። ኦሊምፒክ በክረምት ሲሆን በዘመነ ዮሐንስ፣ መስከረም ከጠባ በኋላ ሲሆን በዘመነ ማቴዎስ ይውላል። ወረርሽኝ አንድ ዓመት ያዘገየው የ2013ቱ የቶኪዮ ውድድር እንኳ በዘመነ ማቴዎስ ነበር። ስለዚህ የሯጮቻችን ታላላቅ ቀናት በእነዚህ በሁለቱ ወንጌላውያን ይቆጠራሉ።

በ1949 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ፣ ኢትዮጵያ በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ተካፈለች። ማሞ ወልዴም ከተካፋዮቹ አንዱ ነበር፤ ሜዳሊያ ግን አልተገኘም። በዚያም ዘመን ሩጫ የወታደር ሥራ ነበር። ለወጣቱ ደመወዝ፣ ማደሪያና ቀለብ የሚሰጠው ሠራዊቱ ነበርና፤ ዛሬ ክለብ የምንለው ያን ጊዜ ካምፕ ነበር። በክብር ዘበኛም ስዊድናዊው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ያሠለጥኑ ነበር። በዚያ ቤት ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ዋሚ ቢራቱ ነበር። ከእርሱ ኋላ የተነሣው አበበ ቢቂላ ነበር፤ በደብረ ብርሃን አጠገብ ጃቶ የተወለደ ወታደር።

ወደ ሮም የማራቶን ሯጮች ሆነው የሄዱት አበበ ቢቂላና አበበ ዋቅጅራ ናቸው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ዘመነ ዮሐንስ በሚፈጸምበት ዕለት ምሽት፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጠ። ከአክሱም ተነቅሎ ወደ ሮም የተወሰደው ሐውልት ያን ጊዜ በሩጫው መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። አሠልጣኙና ሯጩ አስቀድመው እንደተማከሩት አበበ ሐውልቱ ዘንድ ሲደርስ ሩጫውን አበረታ። ሞሮኳዊውን ራዲን ትቶት ሄደ፤ 42ቱን ኪሎ ሜትርም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ሆኖ ገባ። የምሥራቹ ለአገር ቤት ሰው ከእንቁጣጣሽ ጋር ደረሰ፤ 1953 ዘመነ ማቴዎስም በድል ባተ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ አበበ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሆነውት ሳለ እንደገና ሮጠ። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶም የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩን ስላመመው 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ ወጣ። ያን ጊዜ ማሞ ወልዴ አብሮ ይሮጥ ነበር። ከ12 ዓመት በፊት በሜልቦርን ያለ ሜዳሊያ የተመለሰው፣ በዚያው በሜክሲኮ በ10,000 ሜትር ብር ያገኘው ማሞ፣ የጓደኛውን ቦታ ያዘ። ተከታዩን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። የክብር ዘበኛ ድል በአንድ ሰው እግር ላይ ብቻ የቆመ እንዳልነበረ ያን ቀን ታወቀ።

ከዚህም በኋላ የመከራ ዘመን መጣ። የአየር ኃይሉ ምሩፅ ይፍጠር በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ ለ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ ግን ሳይደርስ ቀረ። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ምክንያት ከሞንትሪያል ሲቀሩ ኢትዮጵያም ቀረች። ምሩፅ 8 ዓመት ጠበቀ። በ1972 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፣ ሐምሌ 20 ቀን በሞስኮ 10,000 ሜትሩን፣ ሐምሌ 25 ቀን ደግሞ 5,000 ሜትሩን አሸነፈ። በመጨረሻው ዙር በድንገት ስለሚያፈተልክ ማርሽ ቀያሪው ተባለ። ያን ቡድን ያሠለጠኑት ንጉሤ ሮባም በሜልቦርን ከሮጡት ልጆች አንዱ ነበሩ፤ የሮጠው አሠልጣኝ ሆኖ የሚቀጥለውን ሲያወጣ የታየው ያን ጊዜ ነው።

በ1976 ዓ.ም. ከሎስ አንጀለስ፣ በ1981 ዓ.ም. ደግሞ ከሴኡል ኢትዮጵያ በፖለቲካ ምክንያት ቀረች። ብዙ ሯጮች ጉልበታቸው በሞላበት ዘመን ኦሊምፒክን ሳያዩ አለፉ። ክለቦቹ ግን ልምምድ አላቋረጡም። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በላይነህ ዲንሳሞ በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጠ፤ ይህም ክብረ ወሰን 10 ዓመት ጸና። በቀሩት ኦሊምፒኮች ስማቸው ያልተጻፈ ሯጮችም ከዚህ ዜና መዋዕል ሊቀሩ አይገባም፤ ኦሊምፒክ በራቀበት ዘመን ልምምዱን ያቆዩት እነርሱ ናቸውና።

የክለቦቹም ነገር እንዲህ ነው። ኦሜድላ የፖሊስ፣ መከላከያ የሠራዊቱ፣ ማረሚያ ቤቶች የወህኒ ጥበቃው ነው። ከእነርሱም ጋር መብራት ኃይል፣ ንግድ ባንክና ሙገር ሲሚንቶ አሉ። ከገጠር የመጣ ልጅ በጃንሜዳ አገር አቋራጭ ወይም በክለቦች ሻምፒዮና ከታየ ከእነዚህ ከአንዱ ይገባል፤ የወር ደመወዝ ያገኛል፣ መሮጥም ሥራው ይሆናል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከኦሜድላ ወጣ፤ ቀነኒሳ በቀለ ከሙገር ሲሚንቶ ወጣ። ጥሩነሽ ዲባባ ትምህርት ልትማር ወደ አዲስ አበባ ብትመጣ የምዝገባው ጊዜ አልፎባት፣ በሯጭ ዘመዶቿ መካከል ሆና ወደ ማረሚያ ቤቶች ክለብ ገባች። ክለቡ ባይኖር ያቺ ልጅ ወደ በቆጂ ትመለስ ነበር፤ ሦስቱ የኦሊምፒክ ወርቆቿም ባልኖሩ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፣ ነሐሴ 1 ቀን በባርሴሎና፣ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትሩን አሸንፋ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከኋላዋ የገባችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ሐምሌ 21 ቀን ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን፣ በማግስቱ ኃይሌ 10,000 ሜትሩን አሸነፉ። በ1993 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ፣ መስከረም 15 ቀን በሲድኒ፣ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመ። በዚያው ሳምንት ደራርቱ፣ ሚሊዮን ወልዴና ገዛኸኝ አበራ ወርቅ አከሉ፤ ቡድኑም 4 ወርቅ፣ 1 ብርና 3 ነሐስ ይዞ በቦሌ ገባ።

የእነዚህን ድሎች አሠልጣኝ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን ሳይጠሩ ማለፍ ነውር ነው። በሃንጋሪ ተምረው የመጡ፣ ሰዓት የማያዛንፉ፣ በልምምድ ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ሯጮቹ ይፈሯቸው ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሲያርፉም እንደ አባት አለቀሱላቸው።

ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. በአቴንስ የሆነውን ማየት ይገባል። ኃይሌ እግሩን ታሞ ነበር፤ ሩጫው በከረረ ቁጥር ወደኋላ ይቀር ጀመር። ከፊት የነበሩት ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ዞረው አዩት፤ ኃይሌ እስኪደርስባቸውም ዙሩን አቀዘቀዙ። ሊደርስባቸው እንዳልቻለ ባወቁ ጊዜ ግን ሩጫቸውን ቀጠሉ፤ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር ወሰዱ፤ ኃይሌም 5ኛ ሆነ። ከዚያ ቀን ሁለት ወር አስቀድሞ ቀነኒሳ የኃይሌን የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። የሰበረው ልጅ የተሰበረበትን ታላቁን በኦሊምፒክ ፍጻሜ መካከል ሩጫውን አቀዝቅዞ ጠበቀ። ክለብ ውስጥ ያደገ ልጅ የሚማረው ይህንን ነው።

ድሉም ወደ ምሥራቁ ከተማ ገባ። ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት ሰፈር የሚወስደው የቀድሞው የአስመራ መንገድ የኃይሌ ገብረሥላሴ ጎዳና ተባለ። ኃይሌ በቦሌ መንገድ በባለቤቱ ስም ዓለም ሕንፃን ሠራ፤ ቀነኒሳም በቦሌ ሆቴል ከፈተ። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑም መሥሪያ ቤት በጉርድ ሾላ ነው። በዚያ በፕሬዚዳንቱ ወንበር ኃይሌ ተቀመጠ፤ በ2011 ዓ.ም. ደራርቱ ተተካች፤ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ደግሞ ስለሺ ስህን ተመረጠ። በአቴንስም በቤጂንግም ከቀነኒሳ ኋላ ገብቶ ብር የወሰደው ስለሺ ዛሬ የሁሉ አለቃ ነው።

የዕለቱ ሥራ ግን በሌሊት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ የክለቡ ሰርቪስ በሲኤምሲ፣ በአያትና በኮተቤ እየቆመ ልጆቹን ይለቅማል። አንዱ ቀን ወደ ሰንዳፋ ነው፤ እዚያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ አገር፣ በኮረኮንችና በአስፋልት ይሮጣሉ። አሠልጣኙ በሰርቪሱ እየተከተለ ሰዓት ይይዛል፣ ውኃ ያቀብላል፣ ፍጥነቱ ሲያልፍ ይቆጣል። ሌላው ቀን በእንጦጦ ነው፤ በባሕር ዛፎቹ መካከል ሰልፍ ሠርተው አንዱ ሌላውን ተከትሎ ይጠማዘዛሉ። የኋለኛው የፊተኛውን እግር እያየ እግሩን ያሳርፋል፤ መሪውም ሲደክም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሌላው ፊት ይወጣል። ብቻውን የሚሮጥ ሰው አይመሰገንም። የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሰው ገና ሚኒማ፣ ማለትም ለውድድር የሚያበቃውን ሰዓት፣ ያልሞላውን ልጅ ይዞ ይሮጣል፤ ልጁም አንድ ቀን ሻምፒዮኑን ይተካል።

ይህም በ2016 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ ታየ። ለፓሪስ ማራቶን የተመረጠው ሲሳይ ለማ ነበር፤ ውድድሩ ሲቃረብ በጉዳት ወጣ። ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ተተካ። ታምራት የኒውዮርክን ማራቶን ያሸነፈ፣ በ2014 ዓ.ም. በኦሪገን የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነበር፤ ተጠባባቂ ተብሎ ግን ልምምዱን አልተወም፣ አላኮረፈም። ነሐሴ 4 ቀን በዚያ ዳገታማ መንገድ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ውድድር ቀነኒሳ በ42 ዓመቱ 39ኛ ሆኖ ጨረሰ። በማግስቱ ትዕግሥት አሰፋ በ3 ሰከንድ ተቀድማ ብር አገኘች። ታምራትንም ትዕግሥትንም ያሠለጠነው ገመዱ ደደፎ ነው፤ በ800 ሜትር ሯጭነት የምትታወቀውን ትዕግሥትን ወደ ማራቶን አምጥቶ፣ በበርሊን መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. የሴቶችን ክብረ ወሰን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ያሰበረ እርሱ ነው።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ምክር ይህ ነው። ማሞ አበበን፣ ቀነኒሳ ኃይሌን፣ ታምራት ሲሳይን ሲተካ ድሉ ያልተቋረጠው ተከታዩ አስቀድሞ በክለብ ስለተዘጋጀ ነው። ተከታይ የሌለው ጀግና አንድ ዘመን ያበራል፣ ከዚያ አገሩ ባዶ ትሆናለች። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች ገንዘብ ባነሳቸው ጊዜ የአትሌቲክስ ክለባቸውን የመጀመሪያው የሚቆረጥ ወጪ አያድርጉት። ሚኒማ ላልሞላውም ልጅ ደመወዙን ይስጡት፤ አሠልጣኙንም ከሯጩ እኩል ያክብሩት። ከ60,000 ሰው በላይ እንዲይዝ የታቀደው የቦሌው አደይ አበባ ስታዲየም ለዓመታት ሲጓተት ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል፤ የሚያስፈልገው ለሰልፍ ብቻ አይደለም፣ ልጆቹ የሚሮጡበት መም ስለሚያሻቸው ነውና ይፈጸም።

መጪው ኦሊምፒክ በ2020 ዓ.ም. ሐምሌ፣ በዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ቦታውም በ1976 ዓ.ም. ሳንደርስ የቀረንባት ሎስ አንጀለስ ናት። ያን ጊዜ የቀሩት ሯጮች በፖለቲካ ቀሩ። ከዛሬዎቹ አንዱ ቢቀር ግን ሳይዘጋጅ ስለቀረ ይሆናል፤ ዝግጅቱም በክለቦቹና በአሠልጣኞቹ እጅ ነው። ለዚህም የቀሩት ወራት ጥቂት ናቸውና፣ ሥራው ከአሁኑ ይያዝ።