ነገሌ ቦረና፦ ውኃ፣ ጎማና ተሳቢ

መቼም ነገሌ ቦረና ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አንድ ነገር ነው፤ የ1966ቱ የወታደሮች አመፅ። ስለ አብዮቱ የተጻፉ መጻሕፍት ነገሌን መጀመሪያ አካባቢ ይጠቅሷትና ያልፏታል። ከዚያ ወሬው ወደ ደብረ ዘይት፣ ወደ አስመራ፣ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ነገሌ እዚያው ትቀራለች። ጋዜጠኝነት ተምሬ ስመረቅ እኔም ስለዚህች ከተማ የማውቀው ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም ነበር።

ያንን አንቀጽ እንደገና እንዳነበው ያደረገችኝ አንዲት ትንሽ ተሳቢ ናት። አትሳቁ! ተሳቢ ስላችሁ በጅቡቲ መንገድ የምታዩት ባለ ብዙ ጎማው እንዳይመስላችሁ። ይህቺ አጎቴ በአሮጌ ፒክአፑ የሚጎትታት፣ ሁለት ጎማ ብቻ ያላት፣ ብየዳ ቤት ውስጥ ከአሮጌ መኪና አክስልና ከቱቦላሬ የተሠራች ናት። በበጋ አምስት በርሜል ውኃ ይጭንባትና ከነገሌ ወጣ ወዳሉ ሰፈሮች ይመላለሳል። አንዱ በርሜል 200 ሊትር ይይዛል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ አምስቱ ሲሞሉ ውኃው ብቻውን አንድ ቶን ይመዝናል።

ባለፈው በጋ ልጠይቀው ሄጄ አብሬው ወጣሁ። ቁልቁለቱን ስንጀምር አንድ ሰው መኪናዋን ከኋላ ይዞ ግራና ቀኝ የሚያወዛውዛት መሰለኝ። በመስታወት ሳይ ተሳቢዋ ናት። አጎቴ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። የባሰው ያኔ መጣ። ተሳቢዋ ወደ ጎን ታጥፋ ተገለበጠች። አንዱ በርሜል ገመዱን በጥሶ እየተንከባለለ ሄደና ልጇን አዝላ መንገድ ዳር ከቆመች ሴት ሁለት እርምጃ ርቆ አለፈ። ሰው አልተጎዳም። ውኃው ግን ጄሪካን የያዙት ሰዎች ሮጠው እስኪደርሱ እንኳ አልጠበቃቸውም፤ ቀዩ አፈር ጠጣው። ሴትየዋ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። የረጠበውን መሬት እያየች በኦሮምኛ "የእኛ ነበር?" ብላ ብቻ ጠየቀች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እስቲ የነገሌን ታሪክ ከጄኔራሎቹ ሳይሆን ከውኃውና ከጎማው ጀምሬ ላስበው አልኩ። ሳስበው ሌላ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት።

ከጎማ በፊት

በቦረና ምድር ከጎማ በፊት ውኃ የሚጓዘው በሰው እጅ፣ በሴቶች ጀርባና በግመል ነበር። "ቱላ ሰግላን" የሚባሉትን ዘጠኙን ጥንታዊ ዔላዎች ሰምታችሁ ይሆናል። በጣም ጥልቅ ስለሆኑ ወንዶቹ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ይቆሙና የቆዳውን ባልዲ እየተቀባበሉ ውኃውን ወደ ላይ ያወጡታል። ሲቀባበሉ ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ሁሉም በአንድ ምት ካልተንቀሳቀሰ ባልዲው መንገድ ላይ ይደፋል፣ የታችኛው ሰውም ይመታል። ክብደት ያለ ሥርዓት ከተንቀሳቀሰ አደጋ እንደሆነ ቦረናዎች ያወቁት ማንም መኪና ሳያይ ነው።

ጎማ ዘግይቶ መጣ። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል እንኳ አዲስ አበባ የገባችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ወደ ደቡብ ቆላ ግን ጎማ በብዛት የገባው በሰላም አልነበረም።

በጎማ የመጣው ጦርነት

በ1928 ዓ.ም. ራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊታቸውን ይዘው ከሲዳሞ ወደ ዶሎ ወረዱ። ሠራዊቱ የሚጓዘው በእግርና በበቅሎ ነው። በረሃውን እየወረደ በሄደ ቁጥር ስንቁ ከኋላው እየራቀ ሄደ። ረሃቡና ተቅማጡ ከጥይቱ ቀድሞ ይጥለው ጀመር። ታኅሣሥ 20 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ደበደቡ። መርዝ ጋዝም ወረደ።

ጄኔራል ግራዚያኒ ደግሞ በሌላ ስሌት ነበር የተዘጋጀው። ለዚህ በረሃ የሚያስፈልገው ጎማ እንደሆነ ገብቶት የጭነት መኪና ሲያሰባስብ ከርሟል። ጥር መጀመሪያ ላይ ከዶሎ ተነሣና ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በቀናት ውስጥ ጨርሶ ጥር 11 ቀን ነገሌ ገባ። የጥምቀት ዕለት ማለት ነው።

ጀግንነት አልጎደለም ነበር። የጎደለው አውሮፕላን ብቻም አይደለም። ውኃና ምግብ ከተዋጊው እኩል የሚያደርስ መጓጓዣ ጎድሎ ነበር። በትምህርት ቤት ስለዚህ ጦርነት ስንማር ስለ ጎራዴውና ስለ ቦምቡ ይነገረናል። ከሠራዊቱ ጀርባ ስለሚመጣው ጭነት ግን የሚያነሳልን የለም።

ጣሊያን ሄደ፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ፍሬን፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ፣ ቦቴ... ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላም አንድ ትውልድ ሙሉ ያደገው "ኤንትሬ" እያለ የሚጠራውን ፊያት 682 ሲያይ ነው። እስከ ዛሬ አንድ የነገሌ ልጅ ብየዳ ቤት ገብቶ "ይሄን ባሌስትራ ፍታልኝ" ሲል፣ አያቱን ያሸነፈው ጦር ባመጣው ቋንቋ ነው የሚናገረው። እኔ በዚህ አላፍርም። መሣሪያውን ከነቃሉ ወርሰን የራሳችን አድርገነዋል። ጥያቄው በደንብ እየተጠቀምንበት ነው ወይ የሚለው ነው።

የተበላሸችው ፓምፕ

አሁን ወደዚያች አንቀጽ እንመለስ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሰፈረው የአራተኛ ክፍለ ጦር ብርጌድ አመፀ። ምክንያቱ ርዕዮተ ዓለም አልነበረም። ምግባቸው መጥፎ ነበር፤ በዚያ ላይ የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ተበላሸ። መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፤ ወታደሮቹ ከዚያ ይቅዱ ሲባል እምቢ አሉ። ወታደሮቹም አለቆቻቸውን አሠሩ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ሲደርሱ እሳቸውም ተያዙ፤ ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ ተደረጉ። ከስምንት ወር በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

አብዮቱን ያመጣችው አንዲት ፓምፕ ናት ብዬ ላጋንን አልፈልግም። የመሬት ጥያቄው፣ የወሎው ረሃብ፣ የነዳጁ ዋጋ ሁሉ ነበሩ። ግን እሳቱ መጀመሪያ የታየው ውኃ ባልደረሰበት ቦታ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ ቦረና ከብቱን አጣ፤ ያኔም የብዙ ሰው ዓይን ያረፈው ውኃ በሚያመላልሰው ቦቴ ላይ ነበር።

ስለዚህ አንዲት ተሳቢ ቁልቁለት ላይ ስትገለበጥ ተራ የመኪና ብልሽት ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጋሪ ነጂው ያለው

በማግስቱ ተሳቢዋን እየጎተትን ብየዳ ቤት ወሰድናት። በየዳው ገና ሳይጀምር በአህያ ጋሪ ጄሪካን የሚያመላልስ አንድ ልጅ ቆሞ አያትና፣ "ጋሼ፣ በርሜሎቹን እንዴት ነበር የደረደሯቸው?" አለው አጎቴን።

"ሦስቱን ከኋላ፣ ሁለቱን ከፊት። ለማውረድ ይቀለኛላ!"

"አህያ ብትሆን ኖሮ ትነግርዎት ነበር" አለ ልጁ።

እውነቱን ነው። የጋሪ ጭነት ወደ ኋላ ሲያደላ ዘንጎቹ ወደ ላይ ይነሱና የሆድ ማሰሪያው አህያዋን ያስጨንቃታል። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ ጀርባዋን ይጫናታል። ትንሽ ብቻ ወደ ፊት ሲያደላ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። መኪና ግን አይናገርም፤ የሚናገረው ቁልቁለት ላይ ነው። ኋላው የከበደ ተሳቢ የመኪናውን ጀርባ ወደ ላይ ያነሳል፤ ፍጥነት ሲጨምር ይወዛወዛል፤ ያኔ ፍሬን ሲያዝ ከኋላ ያለው ክብደት መኪናውን እየገፋ ይታጠፋል።

በየዳው ልጁን ሰምቶ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ አክስሉን ጥቂት ወደ ኋላ ገፋው። ከእህል ነጋዴ ሚዛን ተውሰን፣ ከነጭነቷ ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እስኪሆን ድረስ በርሜሎቹን አቀያየርን። ከዚያ የመጎተቻውን ዘንግ አስረዘመው፤ አጭር ዘንግ ያላት ተሳቢ ለትንሽ ነገር ትደነግጣለች። ዘንጉ ሲረዝም ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ስለሚቀንስ እንደገና መዘንን። ከአክስሉ በላይ የነበረውን ባሌስትራ ወደ ታች አደረገውና ወለሉ ወደ መሬት ቀረበ። ጎማዎቹን ወደ ውጪ አሰፋቸው። ለበርሜሎቹ ማቀፊያ በፌሮ ሠራ፤ ገመድ ብቻውን እንደማይበቃ አይተናል። በመጨረሻም ከጋንቾው ሥር ሁለት ሰንሰለት አጣምሮ አሰረ። ጋንቾው ቢሰበር ዘንጉ መሬት ከመውጋቱ በፊት ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል።

የቀረው የሹፌሩ ነው። በርሜል ወይ ሙሉ ወይ ባዶ መሆን አለበት፤ ግማሽ የሆነ ውኃ ከወዲያ ወዲህ እየተላጋ ሚዛን ያፋልሳል። የሁለቱ ጎማ አየር እኩል ይሁን። ተሳቢዋ የራሷ ፍሬን ስለሌላት ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው። መወዛወዝ ከጀመረች መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝና ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ እንጂ ፍሬን ላይ መውጣት የለም።

እንግዲህ "ቧንቧ ቢገባ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግ ነበር?" የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ቧንቧ ይግባ። እስኪገባ ግን ሰው ይጠጣል፤ የሚጠጣው ደግሞ በእንዲህ ያለችው ተሳቢ የሚመጣውን ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ቁልቁለት ወረድን። አጎቴ ከላይ ቆም ብሎ ማርሽ ቀነሰ። ዓይኔን ከመስታወቱ አላነሳሁም፤ ተሳቢዋ እንደ ጥላ ተከተለችን። ታች ስንደርስ ያቺ ሴት ጄሪካኖቿን ደርድራ እዚያው ቆማለች። ሰላምታ ሳትሰጠን በፊት አንገቷን አስግጋ በርሜሎቹን ቆጠረች።

አምስት።

ቸር እንሰንብት።