የደሴት ድንኳን ማረፊያ አያያዝ፦ በጣና ሐይቅ ለሚንቀሳቀሱ የቀዘፋ ክበባት

ስለዚህ መረጃ

ይህ ጽሑፍ በጣና ሐይቅ ላይ በካያክ፣ በታንኳና በአነስተኛ ጀልባ እየቀዘፉ በደሴቶች ለማደር የሚፈልጉ ክበባት፣ ማኅበራትና የተማሪ ቡድኖች የሚያርፉበትን ቦታ እንዴት መረከብ፣ መጠቀምና መጠበቅ እንደሚገባቸው ያብራራል። በሌሎች የአገራችን ሐይቆች ለሚንቀሳቀሱም በአብዛኛው ያገለግላል።

ዋናው መልእክት የሚከተለው ነው፦ በጀልባ ወደ ደሴት የገባ ዕቃ ሁሉ በጀልባ መመለስ ይኖርበታል፤ መመለሱንም የሚያረጋግጥና የሚጠየቅበት ሰው አስቀድሞ መሰየም አለበት።

ደሴት ለምን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል?

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ሆኖም ጥልቀቱ በጥልቁ ሥፍራ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ከዳርቻ የሚገባ ቆሻሻ የውኃውን ጥራት በቀላሉ ያውካል። በደሴቶቹና በዳርቻው የሚኖሩ አርሶ አደሮች፣ ዓሣ አስጋሪዎችና መነኮሳት ኑሯቸው ከዚሁ ውኃ ጋር የተሳሰረ ነው።

ሐይቁና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። የባዮስፌር ሪዘርቭ ጥብቅ ጥበቃ የሚደረግለት ቀጣና፣ መከለያ ቀጣና እና የልማት ሥራ የሚከናወንበት የሽግግር ቀጣና አለው። ማረፊያ የታሰበበት ሥፍራ በየትኛው ቀጣና እንደሚገኝ ሳይታወቅ ሥራ መጀመር አይገባም።

በከተማ ዳር በሚገኝ ማረፊያ የተረሳ ቆሻሻ በማግሥቱ ተሰብስቦ በመኪና ሊነሳ ይችላል። በደሴት ላይ የተተወ ጠርሙስ ግን ቀጣዩ ቀዛፊ ወይም የደሴቱ ነዋሪ ካላነሳው በቀር ለዓመታት በዚያው ይቆያል።

ከመጀመር በፊት፦ ሕጋዊ ሰውነት፣ ፈቃድና ስምምነት

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመሬት ባለቤትነት መብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለሆነም አንድ ክበብ በደሴት ላይ ሊኖረው የሚችለው በስምምነት የተገደበ የመጠቀም መብት እንጂ ባለቤትነት አይደለም። ክበቡ የሚከተሉትን ቅደም ተከተሎች እንዲፈጽም ይመከራል።

1ኛ. ክበቡ በማኅበርነት ለመንቀሳቀስ ከፈለገ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን ምዝገባ በፌዴራል ደረጃ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠሩ ማኅበራት የክልሉን የምዝገባ አካል ያነጋግራሉ።

2ኛ. ደሴቱ የሚገኝበትን ቀበሌና ወረዳ አስተዳደር፣ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱን እንዲሁም የአካባቢ ጥበቃ ተቋሙን በጽሑፍ መጠየቅ።

3ኛ. ቦታው የገዳም ወይም የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ከሆነ የገዳሙን አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት። በጣና ከሠላሳ በላይ ደሴቶች የሚገኙ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ላይ ለዘመናት የኖሩ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት አሉ። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉት ገዳማት ሴቶች አይገቡም። ሴት አባላት ያሉት ክበብ ይህን አውቆ ማረፊያውን በሌላ ሥፍራ ሊመርጥ ይገባል።

4ኛ. ስምምነቱን በጽሑፍ ማስፈር። በስምምነቱ የቦታው ወሰን፣ በአንድ ጊዜ የሚያድሩ ሰዎች ብዛት፣ ማረፊያው የሚዘጋባቸው ወራት፣ የቆሻሻ አወጋገድ እና ክበቡ ቦታውን ሲለቅ የሚያስረክብበት ሁኔታ መገለጽ አለባቸው።

የቦታ መረጣ

የጣና ውኃ መጠን እንደ ወቅቱ ይለያያል። ክረምቱ ሲያበቃ በመስከረም አካባቢ ከፍ ይላል፤ በበጋው መጨረሻ ደግሞ ዝቅ ይላል። በግንቦት ደረቅና ሜዳ ሆኖ የታየ ሥፍራ በመስከረም በውኃ ሊሸፈን ይችላል። ስለዚህ ቦታው ከመወሰኑ በፊት ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ የደሴቱን ነዋሪዎች መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደንገል የበቀለበት ዳርቻ የወፎችና የዓሣ መጠለያ ከመሆኑም በላይ የአካባቢው ነዋሪዎች ታንኳ የሚሠሩበት ሀብት ነው። ድንኳን ለመትከል ወይም ጀልባ ለማስጠጋት ሲባል ደንገል መመንጠር አይፈቀድ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ከውኃ ስለሚወጣ በመውጫ መንገዱ ላይ ድንኳን መትከል ለሕይወት አደገኛ ነው።

የማረፊያው የዕለት አያያዝ

ደረቅ ቆሻሻ፦ ፕላስቲክ፣ ቆርቆሮ፣ ባትሪና የምግብ ትራፊ አይቀበርም፣ አይቃጠልም። እያንዳንዱ ጀልባ የራሱን የቆሻሻ ከረጢት ይዞ ሄዶ ሞልቶ ይመለሳል።

መጸዳጃ፦ ቋሚ መጸዳጃ በሌለበት ሁኔታ ከውኃ ዳር፣ ከድንኳንና ከመተላለፊያ መንገድ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ከአገልግሎት በኋላ በአፈር ይደፈናል። ደሴቱ ጠባብ በመሆኑ ይህን ርቀት መጠበቅ ካልተቻለ በቦታው ማደር አይመከርም።

እጥበት፦ ሳሙና ወደ ሐይቁ መግባት የለበትም። ዕቃም ሆነ ልብስ የሚታጠበው ውኃ ተቀድቶ ከዳርቻው ርቆ ነው።

እሳት፦ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚገኙ ዛፎች በምእመናን ዘንድ የተከበሩ ናቸው፤ አገር በቀል ዝርያዎችንም ጠብቀው አቆይተዋል። ከነዚህ ደኖች ቅርንጫፍ መስበርም ሆነ የወደቀ እንጨት መልቀም ያለፈቃድ አይቻልም። ለምግብ ማብሰያ አነስተኛ የጋዝ ምድጃ መጠቀም ይመረጣል።

እምቦጭን አለማዛመት

እምቦጭ በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታየ መጤ አረም ነው። ከተቆረጠ አካሉ እንደገና ይበቅላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በጀልባ ወለል፣ በመቅዘፊያ ወይም በጫማ ላይ የተጣበቀ ጭቃ አረሙን ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው፣ ጀልባው በመኪና ሲጓጓዝም ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ቀዛፊዎች ከውኃ በወጡ ቁጥር ጀልባውን መፈተሽ፣ የአረም ቁራጭና ጭቃውን ማስወገድ፣ ውስጡን ከውኃ ማንጠፍጠፍ፣ ወደ ሌላ ሐይቅ ከመውሰዳቸው በፊትም ፈጽሞ ማድረቅ ይጠበቅባቸዋል።

የቀዛፊዎች ደኅንነት

ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ላይ ነፋስና ማዕበል ሊበረታ ስለሚችል ጉዞውን በማለዳ ጀምሮ ከቀትር በፊት ማጠናቀቅ ይመረጣል። ሁሉም ቀዛፊ የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ አለበት። የጉዞው መስመርና የመመለሻ ሰዓት በየብስ ለሚቆይ ተጠሪ መነገር ይኖርበታል። በዳርቻው ባለ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ መቆየት ለቢልሃርዝያ ሊያጋልጥ ይችላል፤ የሐይቁ ውኃም ሳይፈላ መጠጣት የለበትም። ለወባ መከላከያ አጎበር መያዝ ተገቢ ነው።

የማረፊያው ተጠሪና መዝገብ

ክበቡ አንድ ተጠሪና አንድ ተተኪ በስም ይሰይማል። ተጠሪው ለእያንዳንዱ ጉዞ የመጡበትንና የሄዱበትን ቀን፣ የአዳሪዎችን ብዛት፣ የተመለሰውን የቆሻሻ ከረጢት ቁጥር እና በቦታው ላይ ያየውን ለውጥ ይመዘግባል። ሣሩ ተረግጦ አፈሩ ከተጋለጠ፣ የዛፍ ሥር ከወጣ ወይም ዳርቻው መሸርሸር ከጀመረ ማረፊያው እስኪያገግም መዘጋት አለበት። ጉዳት በደረሰ ጊዜ ቦታውን ለመዝጋት የሚያስችለው ማስረጃ ይኸው መዝገብ ነው።

በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች

ክበቡ ማረፊያውን ማጠር ይችላል?
ያለ ግልጽ ፈቃድ አይችልም። ነዋሪዎች ውኃ የሚቀዱበትንና ታንኳ የሚያስጠጉበትን መንገድ መዝጋት አይገባም።

ጎጆ ወይም መድረክ መሥራት ይቻላል?
ማንኛውም ቋሚ ግንባታ የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገው መሆኑንም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከሚመለከተው አካል ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ጥንታዊ ዕቃ ወይም ፍርስራሽ ብናገኝስ?
ከቦታው ሳያነሱ ወዲያውኑ ማሳወቅ ይገባል። በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስን የማሳወቅ ግዴታ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ተደንግጓል።

ነዋሪዎች ስለ ክበቡ ቅሬታ ቢኖራቸው ለማን ያቀርባሉ?
በቅድሚያ ለክበቡ ተጠሪ፣ መፍትሔ ካላገኙም ለቀበሌው ወይም ለወረዳው አስተዳደር። ለዚህ ሲባል የተጠሪው ስምና ስልክ ለቀበሌው በጽሑፍ ሊሰጥ ይገባል።

በመጨረሻም

የደሴቱ ነዋሪዎች እንግዳን ተቀብለው ማሳደር የቆየ ባህላቸው ነው። ይህ መልካም ፈቃድ የሚዘልቀው እንግዳው ሲሄድ ቦታውን እንዳገኘው ሲተወው ነው። አንድ ቡድን ያጎደለው ጥንቃቄ በቀጣይ ለሚመጡ ቀዛፊዎች ሁሉ በሩን ሊዘጋ እንደሚችል ተገንዝበው ክበባት ከላይ የተገለጹትን ተግባራዊ እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ። ለተጨማሪ ማብራሪያ በአቅራቢያ የሚገኘውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በአካል ማነጋገር ይቻላል።