ተፈጥሮን የመጠየቅ ጥበብ

ከቅጠል ውስጥ ፈዋሹን ንጥረ ነገር ለማውጣት ሙቀቱ፣ ጊዜውና የአልኮሉ መጠን ምን ያህል ይሁን? የቀደመው ልማድ ሌላውን አጽንቶ አንዱን ብቻ መለወጥ ነበር። የማሳ ሙከራዎችን ያጠና የነበረው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1926 እ.ኤ.አ. ይህን ልማድ ተቃወመ፤ ተፈጥሮ ብዙ ጥያቄ በአንድነት ሲቀርብላት ይበልጥ ትመልሳለች ባይ ነበር። በ1951 ጆርጅ ቦክስና ዊልሰን ሐሳቡን በኬሚካል ኢንዱስትሪ ምርጡን ውጤት መፈለጊያ ዘዴ አደረጉት።

እኔን የሚደንቀኝ ምክንያቱ ነው። ሙቀት ንጥረ ነገሩን ከቅጠሉ ያላቅቃል፤ ሲበዛና ሲቆይ ግን ያወጣውን መልሶ ያጠፋል። ስለዚህ «ሙቀቱ ምን ያህል?» የሚለው ጥያቄ «ለስንት ሰዓት?» ካልተባለ መልስ የለውም። ሦስቱን በሁለት በሁለት ደረጃ ማጣመር 8 ሙከራ ብቻ ይጠይቃል። ቅጠሉ ብርቅ፣ ገንዘቡም ጥቂት ለሆነበት ቤተ ሙከራ ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።