የአቴና መድረክ የማን ነበር?

የአንድ ከተማ ኪነ ጥበብ ሲነሣ ቶሎ ብለን የምንጠይቀው «ወጪውን ማን ይችላል?» ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ብቻውን ሩቅ አያደርሰንም። ገንዘብ የሚያወጣው፣ ድርሰቱን የሚመርጠው፣ የሚፈርደውና ሒሳብ የሚጠይቀው አንድ ሰው ከሆነ መድረኩም የዚያው ሰው ነው። እስቲ ወደ ጥንታዊት አቴና መለስ ብለን የዲዮኒሶስ በዓል እንዴት ይመራ እንደነበር እንመርምር። ዓመታቱ ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዓሉን በበላይነት የሚያሰናዳው አርኮን የተባለው ሹም ነበር። ከ487 ጀምሮ ይህ ሹም የሚወጣው በዕጣ ሲሆን ሥልጣኑም ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ለትራጄዲ ውድድር ሦስት ደራሲዎችን ይመርጣል፤ የመዘምራኑን ወጪ የሚችሉ ሦስት ባለጸጎችንም ይሰይማል። እነዚህ ባለጸጎች ኮሬጎስ ይባላሉ። የታላላቆቹ ተዋንያን ደመወዝ ግን ከመንግሥት ካዝና ነበር። በ472 የአይስኪሎስን «ፋርሶች» ወጪ የሸፈነው ገና ወጣት የነበረው ፔሪክሊስ ነው።

ከተማይቱ አሥር ነገዶች ነበሯት። እያንዳንዱ ነገድ ሃምሳ ወንዶችና ሃምሳ ልጆች ለዝማሬ ውድድር ያሰልፋል። ይህ ማለት በየዓመቱ 1000 ዜጎች በዝማሬው ብቻ ይሳተፋሉ ማለት ነው። ተመልካቹ ራሱ የትናንት ዘማሪ ነውና በቀላሉ አይታለልም።

ዳኝነቱስ? ከየነገዱ የተጠቆሙ ሰዎች ስም በአሥር እንስራ ገብቶ ይታሸጋል፤ እንስራዎቹም በአክሮፖሊስ ይጠበቃሉ። ማኅተሙን የነካ በሞት ይቀጣል። በውድድሩ ዕለት ከየእንስራው አንድ ስም ይወጣል። አሥሩ ዳኞች ፍርዳቸውን ከጻፉ በኋላ እንደገና በዕጣ አምስቱ ብቻ ይቆጠራሉ። ታዲያ ጉቦ ሰጪው ለማን ይስጥ?

በዓሉ ሲያበቃ ደግሞ ሕዝቡ እዚያው ቲያትር ውስጥ ሸንጎ ተቀምጦ «ማን አጠፋ?» ይላል። በ348 ሜይዲያስ የተባለ ባለጸጋ፣ ለነገዱ ኮሬጎስ የነበረውን ዴሞስቴኒስን በሕዝብ ፊት መታው። ሸንጎውም ባለጸጋ ነው ብሎ ዝም አላለም፤ በሜይዲያስ ላይ ድምፁን ሰጠ።

ይሁንና ሥርዓቱን አናሞካሸው። ባሪያው ድንጋይ ፈለጠ፣ ማዕድን ቆፈረ እንጂ ከሸንጎው አልተቀመጠም። ሴቶችም ድምፅ አልነበራቸውም። ባለጸጋውም ቢሆን የሚያወጣው ለጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ ስሙን ይገዛበታል። «ከእኔ የሚበልጥ ሀብታም አለ» ብሎ የተሰጠውን ግዴታ ወደ ሌላው ለመግፋት የሚሟገትም ነበር። ማኅበር ጠጥቶ ተራው ሲደርስ እንደሚያመካኝ ሰው ማለት ነው።

በአራተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ አቴና በመቄዶንያ ጥላ ሥር ከወደቀች በኋላ፣ የኮሬጎስ ሥርዓት ቀረ። በምትኩ አጎኖቴቲስ የሚባል አንድ ሹም ውድድሩን በመንግሥት ገንዘብ ያስተዳድር ጀመር። የሚገርመው፣ በ307 ዓ.ዓ. ገደማ በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ኮሬጎስ የሆነው ሕዝቡ ነው ይላል። የሕዝቡ ስም በድንጋይ ላይ የወጣው ሥራው ወደ አንድ ሹም ከዞረ በኋላ ነው! በዓሉ ቀጥሏል፤ ዘማሪውም ዘምሯል። በየነገዱ ተከፋፍሎ የነበረው ኃላፊነት ግን በአንድ ትከሻ ላይ ዐረፈ።

እንግዲህ ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። «የሕዝብ ነው» የሚለው ቃል በጽሑፍ መስፈሩ አይበቃም። ማን ይመርጣል? ማን ይከፍላል? ማን ይፈርዳል? ማንስ ይጠይቃል? ለአራቱም ጥያቄ መልሱ አንድ ስም ከሆነ፣ ነገሩ የሕዝብ አይደለም። ስለ ከተማ ቲያትር ስንከራከርም ሆነ ለራሳችን ክበብ ኮሚቴ ስንመርጥ፣ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሳንጠይቅ እጃችንን አናውጣ።