የጉቶው ሒሳብ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የዙሪያዋ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመነጠረ፤ ዳግማዊ ምኒልክም መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን በስፍራዋ ካጸኗት ምክንያቶች አንዱ፣ በዘመናቸው የገባውና ቢቆረጥ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ነው።

ያን ጊዜ ዛፍ ዋጋ የሚያወጣው ሲቆረጥ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በወላይታ፣ በሁምቦ፣ ሒሳቡ ተገለበጠ፤ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት በአብዛኛው ከነባር ጉቶዎች አገገመ፤ የአካባቢው ማኅበራትም ደኑ አምቆ ለያዘው ካርቦን ተከፈላቸው።

ነገር ግን የካርቦን ክፍያ ምድጃ አያነድም። ስለዚህ እላለሁ፦ የቆመ ደን የሚዘልቀው፣ ለማገዶ የሚቆረጥ ሌላ ዛፍ ወይም ሌላ የኃይል ምንጭ በአጠገቡ ሲኖር ነው።