የወባ መድኃኒት ፍለጋ በክፍት ምርምር

የወባ ተሕዋስያን መድኃኒትን የመላመድ ባሕርይ ስላላቸው፣ በሥራ ላይ ያሉት መድኃኒቶች ሳይዳከሙ ተተኪ ማግኘት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያም አርቴሚሲኒንን በከፊል ከመላመድ ጋር የሚያያዝ የዘረ መል ለውጥ በተሕዋሱ ላይ ታይቷል። በሽታው በአብዛኛው ድሃ አገሮችን የሚያጠቃ በመሆኑ ግን አዲስ መድኃኒት ማውጣት ለኩባንያዎች ብዙ ትርፍ አያስገኝም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ የምርምር ውጤትን ለማንም ክፍት ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ግላክሶስሚዝክላይን የተባለው ኩባንያ ተሕዋሱን የሚገቱ ከ13,000 በላይ ውህዶችን ይፋ አደረገ። ከእነዚህ በመነሳት በወቅቱ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት በነበሩት ማቲው ቶድ መሪነት «ኦፕን ሶርስ ማላሪያ» ተጀመረ። ተሳታፊዎቹ የቤተ ሙከራ መዝገባቸውን፣ ያልተሳካውን ሙከራ ጭምር፣ በኢንተርኔት ያሰፍራሉ፤ ፓተንት አይጠይቁም፤ ሐሳብ ያለው ሁሉ መሳተፍ ይችላል። ያልተሳካው መመዝገቡ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሌላው ተመራማሪ በዚያው መንገድ ገብቶ ጊዜና ገንዘብ እንዳያባክን ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሲድኒ የሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቀድሞ ለወባ ይውል የነበረውን ፒሪሜታሚን በትምህርት ቤታቸው ቤተ ሙከራ ሠርተዋል።

አንድ ውህድ በቤተ ሙከራ ተስፋ ሰጠ ማለት ለሕሙማን ይሰጣል ማለት አይደለም፤ የደኅንነትና የፈዋሽነት ፍተሻው ዓመታት ይወስዳል። ስለሆነም ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት የተሰማው ሰው ሳይዘገይ በአቅራቢያው በሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ የደም ምርመራ ማድረግ፣ የታዘዘለትንም መድኃኒት ሳያቋርጥ መጨረስ ይኖርበታል።