የማን እጅ ሥራ ነው? ጥንታዊውን የድንጋይ ጫፍ ከአዲሱ ስለ መለየት



በዚህ ጠረጴዛ ላይ አሥራ አንድ ባልጩቶች ተደርድረዋል። ባልጩት ስል ኦብሲዲያን የሚባለውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ማለቴ ነው። ሁሉም የፍላጻ ወይም የጦር ጫፍ መልክ አላቸው። አንዳንዶቹ እጅግ ጥንታዊ ናቸው፤ የቀሩትን የጠረብኋቸው እኔ ነኝ። የትኛው የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ግን ሁሉንም ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም። ይህን ርእስ የመረጥሁትም ስለዚሁ ነው።

ወጣት ረዳት መምህር ሳለሁ የድንጋይ መሣሪያ አሠራርን በቃል ብቻ ማስረዳት አልሆንልህ አለኝ። ስለዚህ ከስምጥ ሸለቆ ባልጩት አምጥቼ፣ ከፊሉን በቀንድ፣ ከፊሉን ጫፉ መዳብ በሆነ መግፊያ እየጠረብሁ ለተማሪዎቼ አሳይ ነበር። በእያንዳንዱ ላይ ስሜንና ቀኑን መጻፍ ሲገባኝ ዛሬ ነገ እያልሁ ተውሁት። ኋላ ቢሮ ስንለውጥ የእኔዎቹ መለያ ወረቀታቸው ከጠፋ የቆዩ ናሙናዎች ጋር በአንድ ካርቶን ተከተቱ። ከዓመታት በኋላ አንዲት ተማሪ «የእርስዎን ይለዩልን» ብትለኝ፣ ሳላመነታ አራት አነሣሁ።

የተማመንሁት በቅርጽ ነበር። ቅርጽ ግን ለሠለጠነ እጅ ሁሉ ይታዘዛል። ኤድዋርድ ሲምፕሰን የተባለ፣ ሕዝቡ «ፍሊንት ጃክ» ይለው የነበረ እንግሊዛዊ ተንከራታች፣ የሠራቸውን የድንጋይ ጫፎች ጥንታዊ ናቸው እያለ ለቅርስ ሰብሳቢዎች ለዓመታት ሸጧል። እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን ውስጥ በሥነ ምድር ምሁራን ስብሰባ ፊት ቀርቦ አሠራሩን ራሱ አሳያቸው። የሚያስገርመኝ፣ በ1867 ወኅኒ የወረደው በዚህ ሥራው ሳይሆን በተራ ስርቆት መሆኑ ነው።

ከቅርጽ ቀጥሎ የሚመረመረው የድንጋዩ ገጽ ነው። በመዳብ ወይም በብረት የተጠረበ ድንጋይ፣ መሣሪያው ባረፈበት ጠርዝ ላይ የብረቱን ቅንጣት ይዞ ሊቀር ይችላል፤ ጥሩ ማይክሮስኮፕ ያሳየዋል። የእኔን ሁለቱን ያጋለጣቸው የመዳብ ፍንጣቂ ነው። በቀንድ የጠረብኋቸው ግን እንዲህ ያለ ምስክር የለባቸውም። ደግሞም የብረት ምልክት ያለበት ሁሉ አዲስ ነው ማለት አይደለም፤ በእርሻ መሬት ላይ የቆየ ጥንታዊ ድንጋይ በማረሻ ሊጫር ይችላል። የኬሚካል ምርመራም ቢሆን ባልጩቱ ከየትኛው ተራራ እንደመጣ እንጂ መቼ እንደተጠረበ አይነግረንም። እኔም የጥንት ሰዎችም ባልጩት ያነሣነው ከአንድ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ለባልጩት አንድ ሌላ መንገድ አለ። አዲስ የተፈለጠ ገጽ ከከባቢው ውኃ መምጠጥ ይጀምራል፤ በሺህ ዓመታት ውስጥ በማይክሮን የሚለካ ስስ ንጣፍ ይፈጠርበታል። ኢርቪንግ ፍሪድማንና ሮበርት ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1960 ይህን የዕድሜ መለኪያ አድርገው አቀረቡት። የንጣፉ ዕድገት በሙቀትና በባልጩቱ ኬሚካላዊ ይዘት ስለሚለያይ ትክክለኛ ዓመት ማውጣት አስቸጋሪ ነው፤ ትናንት የተጠረበውን ከጥንቱ ለመለየት ግን ይበቃል። ችግሩ ከድንጋዩ ቀጭን ቁራጭ መቁረጥ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። የተቆረጠውም ከተጠረበው ገጽ መሆን አለበት፤ አለዚያ አጭበርባሪ የጥንት ስባሪ አንሥቶ እንደገና ቢጠርበው፣ አሮጌው ገጽ ያሳስተናል።

የእኔ ናቸው ካልኋቸው ከአራቱ አንዱን አስቆረጥሁ። በተጠረበው ገጹ ላይ ወፍራም ንጣፍ ተገኘበት። የራሴ ሥራ ነው ያልሁት የጥንት ሰው ሥራ ነበር። በዚያ ቀን የተሰማኝን እፍረት ባላነሣው ደስ ይለኛል።

የቀሩትን ሁሉ ለምን አላስቆረጥህም ትሉኝ ይሆናል። አንደኛው ምክንያት ቅርስን ማጉደሉ ነው። የባሰው ግን ሌላ ነው፤ ጥንታዊነቱ ቢረጋገጥም ከየትኛው ስፍራ፣ ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደወጣ ማንም አያውቅም።

ጃፓን ውስጥ የሆነውን አስቡ። ፉጂሙራ ሺንኢቺ የተባለ አማተር የቁፋሮ ሰው፣ ካሚታካሞሪ በተባለ ስፍራ የድንጋይ መሣሪያዎችን ሲቀብር «ማይኒቺ» የተሰኘው ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሥቶ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 አጋለጠው። ድንጋዮቹ በአብዛኛው ዘመናዊ ቅጂዎች አልነበሩም፤ ከሌላ ቦታ የተለቀሙ እውነተኛ የጥንት መሣሪያዎች ነበሩ። ሐሰቱ የነበረው በድንጋዩ ላይ ሳይሆን በጉድጓዱ ላይ ነው። ኋላ በተደረገው ምርመራ በብዙዎቹ ላይ የብረት ጭረት ታየ፤ ይህም ከጥልቅ አፈር ሳይሆን ከእርሻ ማሳ እንደተነሡ አመለከተ። ቀደም ሲል እንዳያሳስተን የተጠነቀቅነው ጭረት እዚህ ላይ እውነቱን መሰከረ።

በተቃራኒው ደግሞ ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ የሚገኘውን ጋደሞታን ውሰዱ። ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ279,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የባልጩት ጫፎች ለተወርዋሪ ጦር እንዳገለገሉ ያስረዱት በስብራታቸው ላይ ባሉ ጥቃቅን ሞገድ መሰል መስመሮች ነው። ዕድሜያቸውን የሰጣቸው ግን የእሳተ ገሞራ ዐመድ ንጣፍ ነው። ጫፎቹ ያለ መዝገብ በአንድ ካርቶን ውስጥ ቢገኙ ኖሮ፣ ከእኔ አሥራ አንዶቹ ብዙም ባልተለዩ ነበር።

በመካከሉ አንድ ነገር ላስታውስ፤ አዲስ ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። በኮንሶ ቆዳ ፋቂ ሴቶች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ድንጋይ እየጠረቡ ይሠሩበት ነበር። የእነርሱ መፋቂያ አዲስ ነው፣ እውነተኛም ነው። ሐሰት የሚሆነው ያልሆነውን ነው ሲባል ብቻ ነው።

ከመስክ ስትመለሱ በኪሳችሁ ድንጋይ ይዛችሁ የምትመጡ ተማሪዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም አደርገው ነበር። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ሕጉን ብትረሱ እንኳ ድንጋዩን ካለበት ሳታነሡ ፎቶ አንሡት፣ ቦታውን በጂፒኤስ መዝግቡት፣ ከዚያም ለሚመለከተው ክፍል ንገሩ።

አሁን አሥራ አንዱን ወደ ፊተኛው ረድፍ አሳልፋለሁ። የመዳቡ ፍንጣቂ የተገኘባቸው ሁለቱና የተቆረጠው ቀይ ነጥብ አላቸው፤ ስምንቱ ምንም የላቸውም። ጠርዛቸው ስለት ነውና በጥንቃቄ ያዙ፤ ተራቸውንም አታዛንፉ።